አጥንትም ጡንቻም አብሮ ሲሳሳ፦ ለ74 ዓመት እናት ከየት ልጀምር?

ሲስተር_ልደታ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ለቤት የምከታተላቸው እናት አሉ፤ 74 ዓመታቸው ነው፣ ክብደታቸው 52 ኪሎ፣ የሚኖሩት ልደታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር የለውም። ከ4 ወር በፊት መተላለፊያው ላይ ተደናቅፈው የቀኝ እጅ አንጓቸው ተሰብሮ ነበር፤ ጄሶው ወጥቶ አጥንቱም ገጥሟል። ዴክሳ (የአጥንት ጥግግት መለኪያ ራጅ) ተነሥተው የዳሌያቸው ቲ-ስኮር፣ ማለትም አጥንታቸው ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ሲነጻጸር፣ −2.7 መጣ። እኔ የለካሁት ደግሞ፦ ከወንበር 5 ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ 19 ሰከንድ፣ 4 ሜትር ሲራመዱ ፍጥነታቸው በሰከንድ 0.7 ሜትር፣ የባት ዙሪያ 29 ሳንቲ ሜትር።

የሚወስዱት ለአጥንት አሌንድሮኔት 70 ሚሊ ግራም በሳምንት አንዴ፣ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ለደም ግፊት አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ እንዲሁም ለጨጓራ የተጀመረና 2 ዓመት ያለፈው ኦሜፕራዞል ነው።

ቤተሰቡ "አጥንታቸው ስስ ነው፣ ይረፉ" ብሎ ከወደቁ ወዲህ ደረጃ አላስወረዳቸውም፤ ሲኒ እንኳ አያስነሣቸውም። ቁርሳቸው ሻይ በዳቦ ነው። ዐቢይ ጾም እየደረሰ ነው፣ እሳቸው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ካልጾሙ ቅር ይላቸዋል። አጥንት ሳንሰብር ጡንቻውን እንዴት እናጠንክረው? በጾሙስ ፕሮቲኑ ከየት ይምጣ? መድኃኒቱ ላይ የሚታያችሁ ስሕተት ካለም ንገሩኝ።

የውስጥ_ደዌ
ሲስተር፣ ቁጥር ይዘሽ ስለመጣሽ ተባረኪ፤ እዚህ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው "እናቴ ደከሙ" ብቻ ነው።

ቲ-ስኮር −2.5ና ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ይባላል፤ ወሰኑን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ያወጣው። ከ−1 እስከ −2.5 ያለው ገና መሳሳት የጀመረ ነው። የተሰበረው ዳሌ ወይም አከርካሪ ቢሆን ኖሮ ያለ ዴክሳም በሽታው ታውቆ ነበር፤ ቆሞ ወድቆ አንጓ መስበር ግን "ቀጥሎ ዳሌ ነው" የሚል ደወል ነው። ወደ ጡንቻው ስንመጣ፣ የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት መመሪያ 5 ጊዜ ከወንበር መነሣት ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ወይም የእጅ ጭብጥ ኃይል ለሴት ከ16፣ ለወንድ ከ27 ኪሎ በታች ከሆነ ጉልበቱ አንሷል ማለት ነው። በሰከንድ 0.8 ሜትርና ከዚያ በታች መራመድ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ደረጃ ላይ መድረሱን ያሳያል። የባት ዙሪያ ከ31 በታች መሆኑ የጡንቻውን መጠን ይጠቁማል። ማረጋገጥ ከተፈለገ ዴክሳው የመላ አካል ሆኖ የእጅና የእግር ጡንቻ ክብደት በቁመት ካሬ ይካፈላል፤ ለሴት ከ5.5 በታች ከሆነ አለቀ። ግን ለዚህ ብለሽ ሁለተኛ ክፍያ አታስከፍያቸው፣ ሕክምናው አይለወጥም።

ሁለቱ ተያይዘው የሚመጡት እንዲሁ በእርጅና ብቻ አይደለም። አጥንት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ጡንቻ ሲጎትታቸው ያንን ጫና አንብበው ነው "እዚህ ጋ ጨምሩ" የሚሉት። ጡንቻው ሲሟሽሽ ጫናው ይቀራል፣ አጥንቱም ይፈርሳል። ጡንቻው የደከመ ሰው ደግሞ ይወድቃል፣ የሚወድቀውም በሳሳው አጥንት ላይ ነው። ሦስተኛው ቤተሰቡ የጨመረው ነው፣ ዕረፍት። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ቆይተው ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ ነው የጎደለባቸው። እኚህ እናት 4 ወር ተቀምጠዋል።

አንድ ነገር ሳትፈትሹ "እርጅና ነው" ብላችሁ እንዳትዘጉት። ከመቀመጫ መነሣት የከበደውና ዳሌው፣ ጭኑ ላይ የሚጠዘጥዝ ሕመም ያለበት ሰው የቫይታሚን ዲ እጥረት ያመጣው የአጥንት መላላት ሊኖረው ይችላል፤ በደም ምርመራ አልካላይን ፎስፌቴስ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከወገብ ሕመም ጋር ላብ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢን ማሰብ ግድ ነው፣ አገራችን ውስጥ ብርቅ አይደለም። የደም ማነስና ከፍ ያለ ኢ.ኤስ.አር. (የደም ሴሎች የመዝቀጥ ፍጥነት ምርመራ) አብረው ከመጡ የአጥንት መቅኒ ካንሰር መፈለግ አለበት። ታይሮይድ ይታይ። ቴኖፎቪር ያለበት የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነም አጥንቱን እንደሚያሳሳ ይታወቅ። ለጉልበት ሕመም ተብሎ በየጊዜው የሚወጋው ወይም በየኪሱ የሚገኘው ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን አጥንቱንም ጡንቻውንም ይበላል፤ በትሕትና ግን ደጋግመሽ ጠይቂያቸው፣ "መድኃኒት" ብለው አይቆጥሩትም።

ቁመታቸውንም ለኪ። በመታወቂያ ወይም በድሮ ካርድ ካለው ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ካጠሩ የአከርካሪ የጎን ራጅ ይነሡ፤ አብዛኛው የአከርካሪ ስብራት ሳያሳምም ነው የሚያልፈው። ራጁ ስብራት ለማየት ነው እንጂ መሳሳትን ለማወቅ አይረዳም፣ ከአጥንቱ ሲሶው ያህል ካልጠፋ በራጅ አይታይም።

አሰልጣኝ_ሜክሲኮ
ነገሩን አታክብዱት እንጂ። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ወስዳችሁ አንድ ሰዓት አስኪዷቸው፣ በ3 ወር ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ፊዚዮ_አራትኪሎ
ወንድሜ፣ መራመድ ለልብም ለስሜትም ጥሩ ነው፣ ማንም አይከለክልም። ግን አጥንትና ጡንቻ የሚጨምሩት ከለመዱት በላይ ሲጫንባቸው ነው። ሰውነታቸው 52 ኪሎውን ዕድሜ ልክ ተሸክሞት ኖሯል፣ ሜዳ ላይ መሄድ አዲስ ጫና አይደለም። እግሩ የደከመን ሰው በኮብልስቶን ላይ ብዙ ማስኬድ ደግሞ የመውደቅ ዕድሉን ማብዛት ነው። መጀመሪያ እግሩ ይጠንክር፣ መንገዱ ከዚያ ይመጣል።

ሲስተር፣ መጀመሪያ ደም ግፊታቸውን 5 ደቂቃ ካጋደሙ በኋላ ለኪ፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ አምሎዲፒኑን ለሐኪሙ መልሺ፤ ሲነሡ የሚዞርባቸውን ሰው ከወንበር እየተነሡ ማሠራት አይቻልም።

ወንበር፦ ባለ መደገፊያ፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ። ዱካና በርጩማ በጣም ዝቅ ይላል፣ ሶፋ ደግሞ ይውጣል። እግር ከትከሻ ስፋት ጋር፣ ተረከዝ ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ደረት ቀና ብሎ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ከዚያ ይነሣል። መውረጃው ነው ዋናው፤ በ3 ሰከንድ ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ ዱብ ማለት ለአከርካሪ መጥፎ ነው። 8 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና 8፣ እንደገና 8። ከመጨረሻው በኋላ "ሁለት ብቻ ይቀረኛል" ካሉ ልክ ነው፤ "ገና አሥር እሠራለሁ" ካሉ ቀላል ነው፤ በጣር ከሆነ ከብዷል። 12 ጊዜ ሲቀልላቸው በሁለቱም እጃቸው ግማሽ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ያስይዟቸው፣ ያ በድምሩ 1 ኪሎ ነው። ከዚያ 2 ኪሎ፣ ከዚያ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ጤፍ በኪሎ እየመዘናችሁ። አንጓቸው ገና ደካማ ስለሆነ ከባዱን በእጅ አታስይዟቸው፣ ቦርሳው ይሻላል።

የወጥ ቤት ሲንክ ይዘው ተረከዝ ማንሣት 10 ጊዜ ሁለት ዙር። በዚያው ሲንክ አንድ እግር ከሌላው ፊት ተረከዝ ለጣት ገጥመው 10 ሰከንድ ይቁሙ፤ 30 ሲደርስ አንድ እጅ ይለቀቅ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ የታመመ ሰው እስር ቤት ሆኖ ቆይቷል፣ እናንተ ጂም አድርጉት፦ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የብረት መደገፊያ ይዘው በአንድ እግር መውጣት መውረድ፣ 8 ጊዜ በእያንዳንዱ እግር፣ አንቺ ከበታቻቸው ቆመሽ። ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው የትከሻ አጥንቶቻቸውን ወደ ኋላ መጭመቅ፣ 5 ሰከንድ ይዘው 10 ጊዜ።

በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከል አንድ ቀን ዕረፍት። ትንፋሽ መያዝ የለም፣ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። በማግስቱ ጭናቸው ቢዝል ደግ ነው፣ እስከ 2 ቀን ይለቃል። ድንገት ወገብ ላይ ጠቅ የሚል፣ ሲያስሉ የሚብስ ሕመም ከመጣ ግን አቁመሽ ራጅ አስነሺ።

የተከለከለው መጉበጥ ነው። አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት አከርካሪያቸው የሳሳ ሴቶች ወደ ፊት የሚያጎብጥ ስፖርት ከሠሩት መካከል 89 በመቶው አዲስ የአከርካሪ ስብራት ሲገኝባቸው፣ ወደ ኋላ የሚያቃና ከሠሩት መካከል 16 በመቶው ብቻ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 59 ሴቶች፤ ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው። ስለዚህ ተኝቶ ቀና የሚባለው የሆድ ስፖርት ይቅር፣ ሳፋ ላይ ጎንብሶ ማጠብ ይቅር፣ አጭሩ መጥረጊያ ረጅም እጀታ ይደረግለት። ጾም እየገባ ስለሆነ ስለ ስግደቱም ንገሪያቸው፦ ወንበር ይዘው በጉልበት ይውረዱ ወይም ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ ታጥፈው፣ ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ እጅ ከሚይዙበት ጠረጴዛ ሳይርቁ እጅ ይንሡ።

ከባድ ክብደት ያስፈራል የሚል ካለ፣ አውስትራሊያ ውስጥ አጥንታቸው የሳሳ 101 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሽ ያህሉ በሳምንት 2 ቀን፣ 30 ደቂቃ፣ ከአቅማቸው 85 በመቶ በላይ እያነሡ ለ8 ወር ተከታትለዋል፤ ክብደት ያነሡት የወገብ አጥንታቸው ጨመረ። ግን በባለሙያ ዓይን ሥር ነው። ቤት ውስጥ ያንን እንዳትሞክሩት።

ሥርዓተምግብ_ካዛንቺስ
ሲስተር፣ ለእሳቸው በቀን በኪሎ 1.2 ግራም ፕሮቲን አስቢ። 52 በ1.2 ሲባዛ 62 ግራም ነው። ኩላሊታቸው በጣም የደከመና እጥበት ያልጀመሩ ከሆነ ግን ይህን ቁጥር ሐኪም ሳያይ አትስጪ። ድምሩ ብቻ አይበቃም፤ የሽማግሌ ጡንቻ በትንሽ በትንሽ ሲመጣለት አይነቃም፣ በአንድ ማዕድ ከ25 እስከ 30 ግራም ይፈልጋል። ሻይ በዳቦ 6 ግራም ቢሆን ነው። ማለዳው ባዶውን አለፈ ማለት ነው።

በፍስክ ቀን ሁለት እንቁላል 12፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ ዳቦው 6፦ 26 ሆነ። ቀላል ነው።

ጾሙ ነው ሒሳብ የሚፈልገው፣ በ55ቱ ቀን ከቅዳሜና እሑድ በቀር እስከ 9 ሰዓት ማለት ሁለት ማዕድ ብቻ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት የወጣለት እንጀራ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በላዩ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ሙሉ (200 ግራም ያህል) የበሰለ ምስር 18 ግራም። ይህ 31 ነው። ማታ ደግሞ ከ60 ግራም ዱቄት የተሠራ ወፍራም ሽሮ 12 ወይም 13፣ ግማሽ እንጀራ 6፣ አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት 7፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 7። 32 ወይም 33 ይመጣል። የሚበላሸው ሽሮው ሲቀጥን ነው፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ጭልፋ ውሃ ከሆነ የሚጠጣው ውሃና ዘይት ነው። በድፍኑ ለሁለት ሰው ሩብ ኪሎ ሽሮ በሁለት ቀን ካላለቀ ቀጥኗል ብለሽ ጠርጥሪ። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን እንደ እንስሳው ሙሉ በሙሉ ስለማይዋሐድ ከ62 ትንሽ ብታልፊ ይመረጣል። የበሰለ ቆሮሶ ዓሣ 120 ግራሙ ብቻውን 30 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን እኔ አልፈርድም። የሰዓቱንም የዓሣውንም ነገር ንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሩና የዴክሳውን ውጤት አስረዷቸው፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመንና የደከመን አታስጨንቅም፣ እናቲቱም ከእኛ ይልቅ እሳቸው ቢነግሯቸው ይቀበላሉ።

ስለ ካልሲየም ሁለት ነገር። አይብ ለፕሮቲን ጥሩ ነው፣ ለካልሲየም ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም፤ አሬራው ጎምዝዞ ሲሞቅ ካልሲየሙ ከአጓቱ ጋር ይወጣል፣ አጓቱን ደግሞ እንደፋዋለን። ጎመንና ቆስጣም አንድ አይደሉም፦ የጎመኑ ካልሲየም ይዋሐዳል፣ የቆስጣው በኦክሳሌት ታስሮ ያልፋል። ጤፍ በ100 ግራም ከ150 እስከ 180 ሚሊ ግራም አለው፣ በእርሾ በደንብ ሲቦካም የሚያስረው ፋይቴት ይቀንሳል፤ ቶሎ የተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ይህ ጥቅም ይጎድለዋል።

ፀሐዩ ደግሞ፦ ሰው ሁሉ የሚወዳት የጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ታሞቃለች እንጂ ቫይታሚን ዲ ብዙ አትሠራም። ጥላቸው ከቁመታቸው ሲያጥር፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት መካከል፣ ክንድና ባት ተገልጦ፣ ነጠላ ሳይከናነቡ፣ በመስኮት መስተዋት ውስጥም ሳይሆን 15 ደቂቃ በረንዳ ላይ። በ70 ዓመት ቆዳ ግን የወጣቱን ሩብ ያህል ብቻ ስለሚሠራ እንክብሉ አይቀርም።

ፋርማሲስት_ፒያሳ
ከመድኃኒቱ ዝርዝር ሦስት ነገር አያለሁ።

ኦሜፕራዞሉ። የጨጓራ አሲድ ከሌለ ካልሲየም ካርቦኔት በደንብ አይሟሟም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ከስብራት ጋር የተያያዘ ነው። የተጀመረበት ምክንያት አሁንም ካለ ካልሲየሙ ወደ ሲትሬት ይቀየር፤ ከሌለ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያቋርጠው። ካርቦኔት ላይ ከቆዩ ከምግብ ጋር ይውሰዱት። እሽጉ ላይ 1250 የሚለው የጨው ክብደት ነው፣ ንጹሕ ካልሲየሙ 500 ነው። በአንዴ ከ500 በላይ ትርፉ ሆድ ድርቀት ነው። ከምግብም ከእንክብልም በድምሩ በቀን 1200 ሚሊ ግራም ይበቃል።

አሌንድሮኔቱ። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ቁጭ ወይም ቆመው፤ ጋደም ካሉ ጉሮሮ ያቆስላል። በቡና ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው 60 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የሚገባው ራሱ ከመጀመሪያው ጥቂት ስለሆነ ሳምንቱ ከሰረ ማለት ነው። አቦሉ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። ካልሲየሙ በዚያ ቀን ከምሳ ጋር ይሁን። ለዐቢይ ጾም ቅዳሜ ጠዋት ያድርጉት፦ ቅዳሜ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ቀን አይደለም፣ እሑድ ደግሞ ሊቆርቡ ይችላሉ። ቀዳም ሥዑር ላይ ብቻ ወደ ፋሲካ ማግስት ይዛወር። የመዋጥ ችግር ወይም የጉሮሮ ቁስለት ካለ፣ ወይም የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ35 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ አይሰጥም፤ ካልሲየማቸው ዝቅ ያለ ወይም ቫይታሚን ዲ በጣም የጎደለ ከሆነም መጀመሪያ ያ ይስተካከል። ጥርስ የሚነቀል ካለ ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ።

ቫይታሚን ዲው ዝርዝሩ ላይ የለም! በቀን 800 ዩኒት። "በዓመት አንዴ ወግታችሁ ገላግሉኝ" የሚል ቤተሰብ ይመጣል፤ አውስትራሊያ ውስጥ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ 2,256 ሴቶች በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት ወይም ባዶ እንክብል ሲሰጥ፣ ቫይታሚኑን የወሰዱት መውደቃቸው በ15፣ መሰበራቸው በ26 በመቶ በለጠ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚሻለው።

በየ6 ወሩ የሚወጋውን የአጥንት መድኃኒት ዴኖሱማብ የሚያቀርብላችሁ ካለ፣ ቀጣዩን መርፌ በወቅቱ ማግኘታችሁን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። ሲዘገይ አጥንቱ ከበፊቱ በፈጠነ ፍጥነት ይሳሳል፣ አከርካሪ በአንዴ ሁለት ሦስት ቦታ የሚሰበርም አለ። ጡንቻ የሚያሳድግ እንክብል የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑ፣ ለእርጅና የጡንቻ መሳሳት የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ሲስተር_ልደታ
እግዜር ይስጥልኝ። ኦሜፕራዞሉ የተጀመረው በአንድ ወቅት ለቃር ነበር፣ ማንም ያቁሙ አላላቸውም። ቫይታሚን ዲም በእርግጥ አልታዘዘም። ቁመታቸው በድሮው ካርድ 158 ነው፣ ዛሬ ለካኋቸው 153፤ የጎን ራጁን ነገ አስይዛለሁ። አንድ ያልነገርኳችሁ አለ፦ 19 ሰከንዱ ላይ አራተኛውንና አምስተኛውን በወንበሩ ክንድ ተደግፈው ነው የተነሡት። ያለ እጅ 8 ጊዜ አይችሉም።

የውስጥ_ደዌ
5 ሳንቲ ሜትር ብዙ ነው። የራጁን ውጤት ሳታዪ ክብደት አታስጨምሪያቸው። አዲስ ስብራት ከተገኘ መድኃኒቱም እንደገና ይታያል።

ፊዚዮ_አራትኪሎ
በእጅ ከተደገፉ ፈተናው አልተቆጠረም፤ "አልቻሉም" ብለሽ መዝግቢ፣ 19 የሚለውን ሰርዢው።

ራጁ እስኪመጣ ያለ ክብደት መጀመር ይቻላል። ወንበሩን ከፍ አድርጊው፦ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጣጥፈሽ መቀመጫው 52 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ደርቢበት፣ እንዳይንሸራተት በመቀነት እሰሪው። ከዚያ ከፍታ ያለ እጅ 5 ጊዜ ከተነሡ እዚያ ጀምሪ፤ ካልቻሉ ሌላ እጥፋት ጨምሪ። 8 ጊዜ ሦስት ዙር በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን ሲሳካላቸው አንድ እጥፋት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ቀንሺ። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ እንዳትጎትት ንገሪያት፣ ትከሻም ይወልቃል እግሩም አይሠራም። 45 ላይ ሲደርሱ ያኔ ፈተናውን ድገሚውና ሰከንዱን እዚሁ ጻፊልን።